ላባ ለማኙ

አንባቢዬ፣ ጠይቆ ከመረዳት ይልቅ ጠርጥሮ ማማት የሚቀናው ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? በእኛ ሰፈር፣ በአዲስ ከተማ፣ ሞልቷል።

ትራውት የሚባለው የባሌ ወንዞች ዓሣ ዝንብ ይወዳል። እኔም ማንም ሳያስተምረኝ፣ መንጠቆ ላይ ላባ በክር እያሰርኩ ሐሰተኛ ዝንብ እሠራለሁ። ለዚህ ሥራ የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ወደር የለውም፤ ስለዚህ በፋሲካ ዋዜማ ከየጎረቤቱ ለመንኩ። ምን ተባለ? «ጠንቋይ አዝዞት ነው!»

በሳምንቱ የእድራችን ሊቀመንበር ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

«ወንድሜ፣ ጥንቆላውን ይተዉ፤ አለዚያ ከእድሩ እንሰርዝዎታለን።»

ከእድር የተሰረዘን ሰው ማን ይቀብረዋል? ልጆቼስ ምን ይባላሉ? ቢሆንም እኔ ላባ እንጂ ምሕረት አልለምንም። ዝንቡን አምጥቼ የሊቀመንበሩ መዳፍ ላይ አኖርኩት። «በስመ አብ!» ብለው እጃቸውን ሲያራግፉ መንጠቆው የኮታቸውን እጅጌ ያዘ። ቀስ ብዬ ሳላቅቅላቸው፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው?» አሉኝ። ጥያቄው በስንት ጊዜው መጣ!

ነገርኳቸው፤ ሳይሰርዙኝ ሄዱ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ የምሠራው ደጃፌ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ያልገባው ይጠይቅ።

እውነቱን ልናገር፤ በዝንቤ እስካሁን አንድም ዓሣ አልያዝኩም። የእድር ሊቀመንበር ግን ይዣለሁ።