ከወገብ በታች ያለ በሽታ

እኛ ሰዎች ከወገብ በላይ ስንታመም ወሬኞች ነን። ራስ ምታታችንን ለሚኒባስ ረዳት ሳይቀር እንነግራለን፤ ጨጓራችንንማ ያልሰማ ማን አለ? በሽታው ከወገብ በታች የወረደ ዕለት ግን እንደ መንግሥት ምስጢር እንቆልፍበታለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው ለሌላ ሰው ነው።

እኔም ሽንት ቤት ደም ያየሁ ጊዜ ለባለቤቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። የነገርኩት ለሐጎስ ብቻ ነበር። ሐጎስ ከወሎ መጥቼ መቀለ፣ ሓድነት ሰፈር ቤት ስከራይ ያገኘሁት የመጀመሪያው ጎረቤቴ ነው፤ ከሥራ መልስ ሥጋ ቤት ጥብስና ቢራ የምንካፈል፣ ከአንድ ፓኮ የምናጨስ። «አጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ ኪንታሮት ነው» ብሎ ገላገለኝ። እኛ ሰፈር ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ነገር ሁሉ ኪንታሮት ነው፤ ምርመራም አያስፈልገው።

ደሙ ግን አልተወኝም። ልጆቼ ገና ትንንሾች ናቸውና ከልቤ ፈራሁ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ስለ አኗኗሬ ስትጠይቀኝ እየመለስኩ ለራሴም ታወቀኝ፤ ቀን ቢሮ ወንበር ላይ፣ ማታ ሥጋ ቤት ወንበር ላይ። እጾማለሁ ብዬ ልከላከል ሞከርኩ። እውነት ነው፣ ሁዳዴን በሽሮና በጎመን እዘልቀዋለሁ፤ ፋሲካ ሲመጣ ግን ያመለጠኝን ሥጋ ሁሉ እንደ ውዝፍ ግብር በአንድ ሳምንት አወራርዳለሁ። ዶክተሯ አልሣቀችም።

አንጀቴን በካሜራ አይታ ትንሽ እባጭ አገኘችና ቆርጣ አወጣችው። ውጤቱ ሲመጣ፣ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ደርሰንበታል አለችኝ። ቀይ ሥጋና መጠጥ ቀንስ፣ ሲጋራውን ተው፣ አትክልትና ጥራጥሬ ብላ፣ በእግርህ ሂድ፤ ይህንን ሁሉ አድርገህም ክትትልህን እንዳታቋርጥ። ደም ያየ ሰው ደግሞ ሳይመረመር ኪንታሮት ነው ብሎ አይቀመጥ አለች።

ሐጎስ ከሐኪም ቤት መመለሴን ሰምቶ ሊጠይቀኝ መጣ፤ በግ እየጎተተ። የታመመ ሰው የሚጠገነው በሥጋና በመረቅ ነው አለ። በፍቅር የመጣ በግ እንዴት ይመለሳል? በጉ ታረደ። ሐጎስ ሥጋውን፣ እኔ ጎመኔን ይዘን፣ ዶክተሯ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ማኘኩን እየቀነሰ ሰማኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ አለ። ጓደኛው ደም ማየት ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ ኪንታሮት ነው ብሎ ራሱን አጽናንቶ፣ ለማንም ሳይናገር ተቀምጧል፤ ዶክተሯ የት እንደምትገኝ ማወቅ ይፈልጋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የጓደኛውን ስም አልጠየቅኩትም። ነገ ዛሬ ሳትል ውሰደው፣ አጆኻ በለው አልኩት።

በሳምንቱ ለክትትል ስሄድ ወረፋው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ጓደኛህስ ብለው፣ መንገድ ላይ ነው አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይታ ነርሷ «ሐጎስ» ብላ ተጣራች። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ወደ እኔ ዘንበል አለና «ሞክሼዬ ነው» ብሎኝ ገባ።