የጃርቲት እሾህና ሰባተኛው በር

ተረት ተረት። «የላም በረት» ያላችሁ ልክ ናችሁ፤ በረቱ ግን ባዶ ነው። ላሚቱ ጥጃዋን እንኳ ሳታጠባ ሥዕል ልታይ ወጥታለች። የምነግራችሁም ላሚቱን ከበረቷ ስላስወጣው ስለዚያ ሥዕል ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ዛፍ ከዛፍ ተቃቅፎ ፀሐይ እንኳ ጎንበስ ብላ በምትገባበት ጫካ ውስጥ፣ ጃርቲት የምትባል ጃርት ትኖር ነበር። ሥር ቆፍራ ከመብላት ሌላ ሙያ አላት ብሎ የጠረጠራት የለም። አንድ ቀን ታዲያ ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቀለች፤ ቀይ አፈር በውኃ በጠበጠች፤ ከወንዙ ማዶ፣ ዝናብ የማይነካው የገደል ግድግዳ ላይ አንድ ግልገል ፍየል ሣለች። በማግስቱ ግልገሉ እግሩን አነሣ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ጀመረ። ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጫካው እንቅልፍ አልነበረውም።

ግልገሉ ቀንዶ ይባላል። አንድ ቀንድ ብቻ ነው ያለው። እናቱን ሰባት በር ያለው ተራራ ውጧታል፤ እሱም በሩን ሁሉ በቀንዱ እየከፈተ እናቱን ይፈልጋል። በአንደኛው በር ኋላ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ነበር። በሁለተኛው በር ኋላ ወደ ላይ የሚፈስ ወንዝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ምዕራፍ ይወጣል፤ አውሬውም እንስሳውም ከገደሉ ሥር ተሰብስቦ አንገቱን አንጋጦ ያያል።

የጃርቲት ጉድጓድ ከገደሉ በስተቀኝ ስለሆነ ሥዕሉን ከቀኝ ጀምራ ወደ ግራ ነው የምትሥለው። በጊት የምትባለው በግ ግን ከግራ ጀምራ እያየች፣ ዘንዶው መጀመሪያ ሞቶ ኋላ ተነሥቶ ሲቆጣ ስላየች፣ «ምን ዓይነት ቂመኛ ነው፣ ሞቶም አይተወውም» ስትል ሁለት ወር ከረመች። ማንም አላረማትም። እሷ ስትተርከው ከእውነተኛው ይልቅ ያስቅ ነበር።

ኤሊ ደግሞ ቤቱ ሩቅ ነው። ለቅዳሜው ሥዕል እሑድ ተነሥቶ ነው የሚመጣው፤ እሱም የሚደርሰው ሁሉም አይቶ ከተበተነ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «አትንገሩኝ፤ በእናታችሁ አትንገሩኝ» ይላል። ቁራ ግን ጃርቲት ስትሥል ከቅርንጫፍ ላይ ሆኖ አጮልቆ አይቶ፣ ገና ሐሙስ ዕለት አገሩን ያዳርሳል። ኤሊ ራሱን ቅርፊቱ ውስጥ ሲከት፣ ቁራ ቅርፊቱ ላይ አርፎ በመንቁሩ ኳ ኳ ያደርግና «ዘንዶው ሞቷል» ይለዋል። ድሀ ኤሊ ስድስት በር ሙሉ፣ ያልተነገረው አንድ ነገር አይቶ አያውቅም።

ዝንጀሮ የሥዕል ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ማን መረጠህ ያለው የለም፤ ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ቀድሞ ተቀምጦ ተገኘ፣ በቃ። የሚሣለውን ከምትሥለዋ አብልጦ የሚያውቅ እሱ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ግን አያ ጅቦ ነበር። የሚቀመጥበትን ቁርበት እንኳ ራሱ ይዞ ይመጣል። የማን ቁርበት እንደሆነ የጠየቀው የለም።

አሁን ድንጋይ መቼም ድንጋይ ነው። አንድ እሾህ አንድ ሥዕል ከሣለበት ጫፉ ደንዞ ይጣላል። ጃርቲት መጀመሪያ ጀርባዋ የታጨቀ ጦር ይመስል ነበር፤ ስድስቱን በር ጨርሳ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ጀርባዋ እንደ ተላጨ ራስ ሆነ። ሦስት እሾህ ከጭራዋ በላይ ቀሯት። ክረምቱን ካረፈች መልሶ ይበቅላል፤ ካላረፈች ግን አይበቅልም። ይህንን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሲያጨበጭቡላት ደስ ይላታል፤ ደስታ ደግሞ ጀርባን ያስረሳል።

ሰኔ ገብቶ ደመናው ሲንጠለጠል የሰባተኛው በር ምዕራፍ ወጣ። ቀንዶ ቀንዱን የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ከተተ። በሩ ስንዝር ያህል ተከፈተ። ከጨለማው ውስጥ አንድ እግር ብቅ አለ። አለቀ።

ቀጥሎ ጫካው ተናጋ።

«እናቱ ናት» አለ ዝንጀሮ ድንጋዩ ላይ ቆሞ። «እኔ ገና በሦስተኛው በር ተናግሬያለሁ።»

«በሦስተኛው በር ያልከው እናቱ ሞታለች ነው» አለ አያ ጅቦ።

«እሱን ያልኩት በአራተኛው ነው።»

«የዘንዶው እግር ነው» አለች በጊት። «እኔ ያንን ፍጡር አውቀዋለሁ።»

«እመት በጊት፣ ዘንዶ እኮ እግር የለውም» አላት ዝንጀሮ።

«ቂም ያለው እግር አያጣም» አለች በጊት፤ ከዚያም ወዲያ ወዲህ አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫካው ለሁለት ተከፈለ፤ የእናት ወገንና የዘንዶ ወገን። ሁለት ድኩላዎች በአንዲት እግር ምክንያት ቀንድ ለቀንድ ተያይዘው ገደል ሊገቡ ሲሉ ተገላገሉ። ርግብ ባሏ የዘንዶ ወገን መሆኑን ሰምታ ከጎጆ አስወጣችው። ዝንጀሮ እግሩን በጭራሮ ለካ፤ ሁለተኛው በር ላይ ከተሣለው ጥላ ጋር አስተያየ፤ የራሱንም እግር አጠገቡ አድርጎ አየ፤ ቀጥሎ ቅር አለው። «ሥዕሏ ድሮ ቀረ» አለ። «የቀንዶ ቀንድ እንኳ አጥሯል። ሰነፈች።»

«ሰነፈች» አሉ ሁሉም። ሥር እንኳ ቆፍረው የማያውቁት ሁሉ «ሰነፈች» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አያ ጅቦ ከጃርቲት ጉድጓድ ደጃፍ መጣ። ጅብ በቀን ሰው ቤት መሄዱ ነውር ነው፤ እሱም ስለሚያውቅ ጎንበስ ብሎ ነው የመጣ።

«እንዴት አደርሽ፣ እመት ጃርቲት።»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ጅቦ። ምን እግር ጣለህ?»

«ያው ያ እግር ነው የጣለኝ።» ተቀመጠና ምራቁን ዋጠ። «ልዋሽሽ አልፈልግም። እኔ መጀመሪያ የመጣሁት ለሥዕል አልነበረም። ዱሮ ልበላሽ ብቀርብ አፍንጫዬ ላይ የተከልሽውን እሾህ ታስታውሻለሽ። አንቺ እሾህሽን እየነቀልሽ ስትጥዪ ባይ ጊዜ፣ ይቺስ ራሷን እየላጠችልኝ ነው አልኩ። እንደ ሾላ እስክትበስይ ልጠብቅ ተቀመጥኩ። በመሀል ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ።»

«እና?»

«እናማ ጉድ ሆንኩ። አሁን በስለሻል፤ ሦስት ነው የቀረሽ። ግን ሳላይ ብበላሽ ሆዴ ሞልቶ ልቤ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ፍጻሜውን ሣዪ፤ ያኔ እበላሻለሁ። ወዳጅ ስለሆንኩ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ።»

«ወዳጅነትህ አይለየኝ» አለች ጃርቲት።

ረቡዕ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ጃርቲት መሀል ገብታ ቆመች። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነች፤ ክረምቱን ልረፍ፣ እሾሄ ይብቀል፣ መስከረም ሲጠባ እመለሳለሁ አለች። «ጀርባዬን እዩልኝ» ብላም ዞረችላቸው። ጀርባዋን ወደ እነሱ ስታዞር ፊቷ ወደ ገደሉ ሆነ፤ እነሱም ጀርባዋን አሻግረው ገደሉን አዩ።

«ለካ ጥፍሩ ሦስት ነው» አለ ከኋላ የቆመው ድኩላ።

«አያ ጅቦ ሊበላኝ ነው» አለች ጃርቲት። «ፍጻሜውን የሣልኩ ዕለት።»

ሁሉም ዞሮ አያ ጅቦን አየው። አያ ጅቦ ቁርበቱን አስተካከለ። «አልዋሽም፤ ብያለሁ» አለ።

ዝንጀሮ አገጩን አከከ። «ያሳዝናል» አለ። «ግን ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ እግሩ ነው። የመበላት ነገር በሌላ ቀን ይታያል።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች በጊት። ልቧ የራራ መስሏት ጃርቲት ቀና አለች። «ከመበላትሽ በፊት እናቱን ጠገብ ጠገብ አድርገሽ ብትሥያትስ? በስድስተኛው በር ቀንዶ ባየው ሕልም ውስጥ ከስታ አይቻት እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«ፍጻሜው ለፊታችን ቅዳሜ ይሣል የምትሉ» አለ ዝንጀሮ። ቀድሞ እጁን ያወጣው አያ ጅቦ ነው። ሁሉም ተከተለ። እግር እንጂ እጅ የሌላቸው ሳይቀሩ እግራቸውን አነሡ። ላሚቱ ሁለቱን የፊት እግሮቿን አንሥታ ወደቀች።

ቅዳሜ ደረሰ። ቁራ ሐሙስንም ዓርብንም ከቅርንጫፉ ላይ ሲያጮልቅ ውሎ ነበር፤ ያየው ግን ጃርቲት በቀለም ያልነካካችውን ግድግዳ ነው። «የአሁኑንስ በሁሉም ፊት ነው የምሥለው» ብላው ነበር።

አያ ጅቦ ቁርበቱን ከገደሉ ሥር አነጠፈ፤ ከጃርቲት አንድ ዝላይ ነው የቀረው። ጃርቲት ቀዩን አፈር በጠበጠች። አንደኛውን እሾህ ነቀለች፤ በሩን ሣለች፤ ወለል ብሎ የተከፈተ በር፣ ብርሃን እንደ ወተት የሚፈስበት። ሁለተኛውን ነቀለች፤ ቀንዶን ሣለችው። ደፉ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ፈጧል፤ እንባው ጉንጩ ላይ ነው፤ አፉ ግን ሊስቅ ይሁን ሊጮህ የተከፈተ ነው። ፊቱ ወደ እኛ ነው፤ የሚያየው ነገር ያለው እኛ የቆምንበት በኩል ነው። እሱ አየ እንጂ ያየውን ማንም አላየም።

ጃርቲት ሦስተኛውን እሾህ እንደያዘች ወረደች።

«እሱስ?» አለ አያ ጅቦ። አፉ አረፋ ደፍቋል። «ሦስተኛው እሾህ?»

«እሱ ያየውን ለመሣል ነው የሚያስፈልገው።»

«ታዲያ ሣይዋ።»

«ልክ ነህ። ግን አንድ እሾህ አይበቃውም። ያ ቀንዶ ያየው ነገር» አለችና እጇን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋች፣ «ግድግዳውን ሙሉ የሚይዝ ነው። ቢያንስ አርባ እሾህ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ አንድ አለኝ። አሁን ከበላኸኝ እሱም ከእኔ ጋር ሆድህ ይገባል፤ ማየት ግን አታየውም።»

አያ ጅቦ ተነሣ። ተቀመጠ። መልሶ ተነሣ። እሷን አየ፤ የቀንዶን ፊት አየ። ሆዱ ጮኸ። ከዚያ ቁርበቱን ጠቅልሎ ራሱ ላይ አስቀመጠና አለቀሰ። ጅብ ሲያለቅስ ያየ ጫካ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው።

ጭቅጭቁማ አይነገርም። «እናቱን ነው ያየው፤ እንባውን አታዩም?» «ዘንዶውን ነው፤ ዓይኑን አታዩም?» ዝንጀሮ የቀንዶን ብሌን ውስጥ የሚታይ ነገር አለ ብሎ ወጥቶ አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋ ቀለሙ ሳይደርቅ ደርሶ አፍንጫው ቀላ፤ እስከ ዛሬም አለቀቀውም። ቁራ ከእሷ አፍ ሰማሁ እያለ ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ፍጻሜ ያወራ ጀመር። ሁለት ቀን ሳይሞላ የሚያምነው ጠፋ።

ሰኞ ዕለት ኤሊ ደረሰ። ከሩቅ «አትንገሩኝ፤ በእናታችሁ» እያለ፣ ራሱን ቅርፊቱ ውስጥ ከትቶ። ቁራ እንደ ልማዱ ቅርፊቱ ላይ አረፈ፤ መንቁሩን ከፈተ፤ የሚነግረው እውነተኛ ነገር አጣ። መንቁሩን ገጥሞ በረረ። ኤሊ ቀስ ብሎ አንገቱን አወጣ። ያልተነገረው ሥዕል ፊት ቆሞ እስኪመሽ አየው፤ እስኪመሽም ሳቀ። በዚያ ጫካ በዚያ ሳምንት ደስ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ጃርቲት ጉድጓዷ ውስጥ ተኛች። ከደጃፏ ዝናብ እየወረደበት የተቀመጠ አንድ ዘበኛ ነበራት፤ አያ ጅቦ ነው። አንድ ቀን ነብር ሊበላት መጣ። «እሷን የነካህ እንደሆነ በሩ ኋላ ያለውን ማን ያሳየናል?» ቢለው አያ ጅቦ፣ ነብርም ቆም ብሎ አሰበና «እናቱ ናት አይደል?» ብሎ ጠየቀው። ሁለቱ እስኪነጋ ተከራክረው ነብር ሳይበላት ሄደ። አያ ጅቦ ሥር እየቆፈረ ያመጣላት ነበር፤ ራሱ ግን ቁርበቱን እያኘከ ነው ክረምቱን የወጣው።

መስከረም ጠባ፤ አደይ አበባ ፈነዳ። ጃርቲት ከጉድጓዷ ብቅ አለች። እሾኋ እንደ ስንዴ ማሳ ቆሟል፤ ስትራመድ ቋ ቋ ይላል። አያ ጅቦ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«እመት ጃርቲት፣ እንኳን አደረሰሽ» አለ። «እንግዲህ በቅሏል። ማን ነው ከበሩ ኋላ ያለው?»

ጃርቲት ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አያ ጅቦ፣ ያንን እግር ከሣልኩ ጀምሮ ከበሩ ኋላ ያለው ማን ነው ያላላችሁኝ ቀን የለም። ዝንጀሮም፣ በጊትም፣ አንተም። ጀርባሽስ እንዴት ነው ያለኝ ግን አንድም አልነበረም።»

አያ ጅቦ አፈረ። እውነትም ብሎ አሰበ። ጉሮሮውን ጠረገና በትሕትና፣ «ይቅርታሽን፤ ጀርባሽስ እንዴት ነው?» አላት።

ጃርቲት ቀስ ብላ ዞረች፤ እሾኋን አንድ ጊዜ አንኳኳችው።

«ቅረብና እየው» አለችው።