በእናትህስ በኩል የማን ነህ?

ቆጣሪ የሌለው ዘመድ የለም። ከዳባት እስከ ደባርቅ በየቤቱ ብትገቡ፣ ሰው ባየ ቁጥር ዘሩን ካልቆጠረ እህል የማይወርድለት አንድ ሽማግሌ አታጡም። እንዲህ ያለውን ሰው «እንደምን አደሩ» ብላችሁ ማለፍ አትችሉም። እጃችሁን ከያዘ አይለቅም። በአባታችሁ በኩል ይገባል፣ በእናታችሁ በኩል ይወጣል፤ ሲጨርስ ወይ የአጎቱ የልጅ ልጅ ናችሁ፣ ወይ የአማቱ የክርስትና ልጅ ናችሁ። ባዕድ ሆኖ ከእጁ ያመለጠ ሰው እስከ ዛሬ አልተሰማም።

የእናንተው ቆጣሪ ማን እንደሆነ አላውቅም። የእኛው ግን የሁሉም አለቃ፣ ሊቀ ቆጠራ አያ ቢራራ ያርጋል ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ስሰጣቸው ለማሾፍ ነበር። አያቴ ናቸው።

አባቴ ገሠሠ ገና ድክ ድክ ስል ስለሞተ፣ እናቴ በለጠችና እኔ የኖርነው እሳቸው ቤት፣ ከዳባት ከፍ ብላ ባለች መንደር ነው። የጎረቤት ልጆች ተረት ሲነገራቸው ለእኔ የሚነገረኝ ዘር ነበር። እጄን ይይዙና የጣቴን አንጓ አንድ በአንድ እየነኩ ያስቆጥሩኛል፤ «አረጋሽ ገሠሠ፣ ገሠሠ ቢራራ፣ ቢራራ ያርጋል፣ ያርጋል ድረስ፣ ድረስ አለነ፣ አለነ አሻግሬ።» አሻግሬ ላይ ስንደርስ እፎይ እላለሁ፤ ዋናው አባት እሱ ነው። አንድ ስም የዘለልሁ እንደሆነ ግን ከእንደገና ነው። «አንድ ሰው ዘለልሽ ማለት አንድ ሰው ገደልሽ ማለት ነው» ይሉኛል። የጨመርሁ እንደሆነ ደግሞ ይብሳል። «ያልተወለደ ሰው ከየት አመጣሽ? ሟችን መርሳት ድካም ነው፤ ያልነበረን መጨመር ኃጢአት ነው።»

አንድ ጊዜ ከጎንደር ስንመለስ አውቶቡሱ ኮሶዬ ላይ ተበላሸ። ሾፌሩ ከሥር ገብቶ ሲፈታ ሲያጠብቅ አያ ቢራራ ከላይ ሥራቸውን ጀመሩ። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ከፊተኛው ወንበር እስከ ኋለኛው ያለው መንገደኛ ሁሉ ተዛምዶ፣ ስንቁን ፈትቶ አብሮ ይበላ ነበር። የኋለኛው ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳና አንዲት ልጃገረድ አሉ፤ ትውውቃቸው የዚያው ቀን ቢሆንም ከጎንደር ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሲሳሳቁ መጥተዋል። አያ ቢራራ እዚያም ደረሱ።

«አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?»

ነገራቸው።

«በእናትህስ በኩል የማን ነህ?»

እሱንም ነገራቸው። ልጅቱንም ጠየቁ። ከዚያ አውራ ጣታቸው በጣታቸው አንጓ ላይ መሄድ ጀመረች። ሦስተኛ ቤት ሆነው ተገኙ። ልጅቱ ነጠላዋን ተከናንባ መጣችና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጎልማሳው እስከ ዳባት ድረስ በመስኮት ገደሉን ሲያይ ሄደ። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ ፊቴን በደብተሬ ሸፈንሁ።

ለዘር የሚሆን ገብስ ፍለጋ ጊች ስንወጣ ደግሞ ሳንቃ በር አጠገብ በቅሏችን ከብሔራዊ ፓርኩ ክልክል ሣር ውስጥ ገባች። የፓርኩ ጠባቂ ጠብመንጃውን አንግቶ መጣ። «የማን በቅሎ ናት?» አለ ቆጣ ብሎ። «እሱን እንደርስበታለን፤ አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ስንመለስ ያ ጠባቂ የገብሱን ስልቻ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ፣ «አጎቴ፣ ይቺ ቁልቁለት ታዳልጣለች፤ ቀስ ይበሉ» እያለ ይሸኘን ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሊያስቅ ይችላል። የማያስቀው ሠርግ ላይ ነው። መቼም በአገራችን ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ነውር ነው፤ ወንዱም ሴቷም ከአንድ አባት ከመጡ፣ ከዚያ አባት ወዲህ በሁለቱም በኩል ሰባት ትውልድ መቆጠር አለበት። አያ ቢራራ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ሦስት ሠርግ አፍርሰዋል። ሦስተኛው የገዛ እኅታቸው የልጅ ልጅ ሠርግ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ አንድ ቤት ጎደለ። እናቴ «አባቴ፣ አንዲት ቤት እኮ ናት» ብትላቸው፣ «ከታቦቱ አሥር ቃልም የጎደለው አንድ ቢሆን ጎደለ ነው የሚባል» አሏት። እኅታቸው እስክትሞት ድረስ አላናገረቻቸውም። ለቀብሯ ዘሯን የቆጠሩላት ግን እሳቸው ናቸው።

ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራየሁ። አያ ቢራራ በየቅዳሜ ገበያው ስንቄን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ስንቁን አስቀምጠው ቢሄዱ ምን ነበረበት። መምህሮቼን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ዲሬክተሩን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁመው ከደምቢያ ዘሩ ጀምረው ቆጠሩት። ልጆቹ «ሰባት ቤት» የሚል ስም አወጡልኝ። «ሰባት ቤት፣ ጠመኔ አቀብይን።» «ሰባት ቤት፣ ያ ልጅ ዓይኑን ጥሎብሻል፤ አያትሽ ይቁጠሩት።» ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን ጠላሁ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት እንዲህ ሆነ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ የወጣቶች ማኅበር የውይይት ክበብ አለ። የዕለቱ ርእስ የድሮው ሥርዓት ቅሪት ነው። መድረክ መሪው «ከየቤታችሁ ምሳሌ አምጡ» አለ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔ አወጣሁ። «ሰባት ቤት» የምትባለዋን ልጅ በአንድ ቀን ልቀብራት ፈልጌ ነበር።

«እኔ ዘር የለኝም» አልሁ። «ዘሬ ሰፊው ሕዝብ ነው። ዘር ቆጠራ የፊውዳል ቅሪት ነው፤ የሚቆጥሩትም ሥራ የፈቱ፣ ዘመን የጣላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። እኔም ቤት አንድ አሉ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀና ስል ከኋላ አግዳሚው ላይ አያ ቢራራ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ መሆኑን ረስቼዋለሁ። የቆሎውን ስልቻ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያጨበጭባሉ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር መስሏቸው ይሆናል፤ ወይም ቆሜ ስናገር ማየታቸው ደስ ብሏቸው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ውጭ ስንገናኝ ቆሎውን ሰጡኝና ረጋ ብለው፣ «አረጋሽ፣ ሰፊው ሕዝብ ያልሽው ሰው፣ በእናቱ በኩል የማን ነው?» አሉኝ።

ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። ይኸውላችሁ፤ ስለ እሳቸው ያፈርሁት ሁሉ ተደምሮ ያንን ሳቄን አያህልም። እሳቸው ዱላቸውን አንሥተው መንገዳቸውን ሄዱ። ቆሎው ከዚያም በኋላ በየቅዳሜው መጥቷል፤ በጎረቤት እጅ። እሳቸው ግን ዳግመኛ ደባርቅ አልመጡም።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስሁ ዳባት ውስጥ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ከይግዛው ጋር ተዋወቅን። የግብርና ሠራተኛ ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ፣ ነገሩ ሁልጊዜ ንጹሕ። ተዋደድን። ሽማግሌ ሊልክ ሲል ግን እናቱ «ቆይ፣ እነሱ የአሻግሬ ዘር አይደሉም ወይ?» አለች። የይግዛውም ወገኖች የአሻግሬ ናቸው።

ያን ቀን ብቻዬን ተቀምጬ እጄን አወጣሁ። ያቺ በጭብጨባ የቀበርኋት ቆጠራ አንድም ስም ሳይጎድልባት ተነሥታ መጣች። ይግዛው ከአሻግሬ ሰባተኛ ነው። እኔ ስድስተኛ ነኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ። ስድስተኛ ነኝ።

«ቀበሌ ሄደን እንፈራረም» አለኝ ይግዛው። «እዚያ ማንም አይቆጥርብንም።»

«እናትህስ?»

እናቱ ሰባት ሳይሞላ ከተጋባችሁ ቤታችሁ አልገባም፣ ልጃችሁንም አልስምም ብላለች። እሱ ደግሞ አንድ ልጇ ነው። እናትና ልጅ አለያይቼ የምመሠርተው ትዳር እንደማይጸና ለማወቅ ዘር መቁጠር አያስፈልግም። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ይምጡና የመጣው ይምጣ አልን። አያ ቢራራን ግን ምን ብዬ ልለምን? በየትኛው አፌ?

መጡ። ከፊት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ ከኋላ ሁለት ሽማግሌዎች። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ነገሩ ሁሉ ተባለ፤ ጥሎሹም ተነሣ። ከዚያ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የይግዛውን ወገን ቆጠሩ። ሰባት ሞላ።

«በእኛ በኩል ይኸው ነው። በእናንተ በኩል ግን ነገሩን ስንሰማ ሰግተን ነው የመጣን። እንግዲህ እርስዎ ይቁጠሩልን፣ አያ ቢራራ። እርስዎ ያሉትን ተቀብለን እንሄዳለን።»

አያ ቢራራ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው መሄድ ጀመረች። እኔም ጓዳ ውስጥ የራሴን ጣት ይዤ አብሬ እሄዳለሁ።

«አረጋሽ ገሠሠ። ገሠሠ ቢራራ። ቢራራ ያርጋል። ያርጋል ድረስ።»

እዚህ ላይ ቆሙ። ሳሉ። ውኃ ለመኑ፤ እናቴ ሰጠቻቸው፤ አልጠጡትም።

«ድረስ ወልደ ሩፋኤል» አሉ። «ወልደ ሩፋኤል አለነ። አለነ አሻግሬ። ሰባት።»

ጣቴ መሄጃ አጥታ አንጓው ላይ ቀረች።

መሪጌታ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ወልደ ሩፋኤል። ይህን ስም እኔ አልሰማሁትም።»

«አይሰሙትም መሪጌታ። ድረስን እንደወለደ ሚስቱ ሞተችበትና ዋልድባ ገባ። የመነነ ሰው ነው ተብሎ ስሙ ሳይነሣ ቀረ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መሪጌታም፣ «እርስዎ ካሉማ አለቀ» አሉ። «የእኅቱን የልጅ ልጅ ሠርግ ያፈረሰ ሰው ለገዛ ልጁ አይጨምርም።»

እናቴ ጓዳ ገብታ አየችኝ። እሷም ያንን ቆጠራ ሃያ ዓመት ሰምታዋለች። ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርሁት እኔ፣ ያን ቀን ትንፍሽ አላልሁም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባዬ፣ ወልደ ሩፋኤል ማን ነው?»

ቀና ብለውም አላዩኝ። «ሰፊው ሕዝብ ነው» አሉ። «በእናቱ በኩል አላውቀውም።»

ሠርጉ ሆነ። የይግዛው እናት እልል ብላ ገባች። አያ ቢራራ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ተዉ። በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው ስግደት ተቀብለዋል፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። መቁጠሩን ግን ማንም አልከለከላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የከለከሉት። «አንድ ጊዜ የዋሸ ሚዛን ገበያ አይወጣም» ብለዋታል። መንገድ ላይ ሰው እያስቆማቸው፣ «አያ ቢራራ፣ እኔ እኮ ከነገደ እከሌ ነኝ» ሲላቸው፣ «እንደምን ዋልህ» ብለው ያልፋሉ። አገሩ «ቢራራ አረጁ፣ ረሱ» አለ። እንዳልረሱ የምናውቀው ሁለት ሴቶች ነን። ኋላ ለይግዛው ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ። አሁን ግን ከሩቅ ሲያያቸው ባርኔጣውን ያወልቃል።

ይቅርታ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። መሪጌታ ባለፈው ዓመት ስላረፉ ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ አያ ቢራራን አስፈቀድኋቸው። «ጻፊው። እኔ ንስሐዬን ጨርሻለሁ፤ የአንቺን እንጃ» አሉኝ።

ዘንድሮ ወንድ ልጅ ወለድሁ። አብረውኝ የተማሩት ልጆቻቸውን አብዮት፣ ትግሉ፣ ድል ነሣ ብለዋል። ልጄን ለክትባት ዳባት ጤና ጣቢያ ስወስደው አያ ቢራራም «እግሬን ላፍታታ» ብለው አብረውኝ መጡ። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሠራተኛ ካርዱን ይዛ፣ «የሕፃኑ ስም?» አለችኝ። እሳቸው ገና ስሙን አልሰሙም ነበር።

«ወልደ ሩፋኤል ይግዛው» አልኋት።

«ምነው፣ የዛሬ ስም ጠፍቶ ነው?»

«የዘር ስም ነው። የአያቴ የቢራራ ቅድመ አያት ስም ነው።»

ልጅቱ ጻፈች። በቀለም ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት። አያ ቢራራ ዱላቸውን ተደግፈው ካርዱን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ሕፃኑን አዩት።

«ዘገየ እንጂ መጣ» አሉ።

እጃቸው ነጠላቸው ሥር ነበረች። ቀስ ብላ ወጣች። አውራ ጣታቸው ወደ አንጓው ስትሄድ አየኋት። ወደ ሠራተኛዋ ዞር አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺስ የማን ነሽ?»

ነገረቻቸው።

«በእናትሽስ በኩል?»

ከኋላችን ልጆቻቸውን ያዘሉ ሴቶች እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈዋል። አንዷ «ኧረ እናንተ፣ ፀሐይ መታን» ትላለች። በድሮው ጊዜ ቢሆን ፊቴን የምደብቅበት ደብተር እፈልግ ነበር። ከጥግ በርጩማ አንሥቼ አመጣሁላቸው። ነገሩ ገና ብዙ ቤት ይቀረዋል።