በከረጢት የተጻፈ ስም

አባ ፍሥሐ አንድ ጭንቅላት ሣሉ፤ ከአናቱ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ስበው ጫፉ ላይ እባብ አንጠለጠሉበት፤ ከእባቡ ሥር አምስት ነጥብ። «ይኸው ሰውየው፤ ስሙ ‹አምስት እባብ› ነው» አሉኝ። የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ስማቸውን እንዲህ ይጽፉ ነበር። አባ ሮም የመጡት ይህንኑ ሊማሩ ነው።

እኔ ግን ጠረጠርኳቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በደርግ ጊዜ ግን መዝግቦ የሚይዘው መልአክ አልነበረም። ቄስም ቢሆን የሰው ስም ሲሰበስብ ብታዩ፣ እናንተስ ምን ትሉ ነበር?

ካህናቶቻችን ለትምህርት ሲመጡ የሚያድሩበት ቤት ፖርቲናዮ ነበርኩ፤ በር እጠብቃለሁ፣ ደብዳቤ አድላለሁ። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። ሰው ቤት የሚሠሩት ልጆቻችን በዕረፍታቸው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ደብዳቤ ሊወስዱ ሲመጡ የአንዷን ለሌላዋ እየሰጠሁ ስንቴ ተኮርፌአለሁ። አባም በየሣጥኑ ላይ የየስማቸውን ሥዕል ሣሉልኝ። ለዘውዲቱ ዘውድ፤ ይሁን። ለየሺ ግን ከረጢት።

«ከረጢት ምን አገባው?» አልኳቸው።

«እዚያ አገር ስምንት ሺህ የሚጻፈው በከረጢት ነው። ለአንድ ሺህ ምልክት የላቸውም።»

«ሰባቱ ሺህ ትርፍ ነዋ።»

ደብዳቤዋን ልትወስድ መጥታ አጠገባችን የቆመችው የሺ ሳቀች። ብዙ አትስቅም። ወንድሟ ከእስር አምልጦ ሱዳን ገብቷል፤ የሚያድኑት አሉ። ደብዳቤውን በመንገደኛ እጅ ነው የሚልከው። የከረጢቱን ነገር ጽፋለት፣ ከዚያ ወዲህ ፖስታው ላይ ስሟን ትቶ ከረጢት ብቻ ይስል ጀመር። እኔ ግን አባን መጠርጠሬን አልተውኩም። የሥዕሉን ትርጉም ከእኔና ከልጆቹ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ አይደሉ?

አንድ ማክሰኞ ከረባት ያሰረ ያገር ሰው መጣ። «የሺ የምትባል ልጅ ደብዳቤ እዚህ ይደርሳታል አሉ። ዘመዷ ነኝ።»

ዘመድ ቢሆን ሐሙስን ያውቅ ነበር።

አባ በኮሪደሩ ብቅ አሉ። የማን ወገን እንደሆኑ አሁን ይለያል አልኩ በልቤ። ሰውየው ወደ ሣጥኖቹ እያመለከተ፣ «ይሄ ምንድን ነው አባ?» አላቸው።

«ልጆች ናቸው የሞነጫጨሩት» ብለው አለፉ።

ቄስ ሲዋሽ የወደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰውየው ከከረጢቱ ሣጥን ፖስታ አወጣ። ገለበጠው። ስም የለም። «የማን ነው?»

«የከረጢቱ።»

«ማለቴ፣ ስሟ?»

«ፊደል አላውቅም ልጄ።»

ፖስታውን ወደ ቦታው መለሰና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል። ማንበብ ቢችሉ ኖሮ አባባ፣ ስንት ነገር ይነግሩን ነበር።»