ያደረ ውሃ

ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝና ይህን ሕልም አየሁ። ሰዓቱን የማውቀው ለነገው ተዝካር ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች ጠይቄ ስለነበር ነው።

ባለቤቴ ደብሪቱ ካረፈች ሠላሳ ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ሐኪሞቹ ኩላሊቷ ነው አሉ፤ ከምን እንደመጣ አልጠየቅኋቸውም። ትራሴ ሥር ግን አንድ ወረቀት አለ። ከመሞቷ በፊት አንዲት የግብርና ባለሙያ ከጓሯችን ውሃ፣ አፈርና ቆስጣ ለምርመራ ወስዳ ነበር። ውጤቱ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። የምታጠጡበት የወንዝ ውሃ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች አሉበት ይላል፤ የአትክልቱ ሥር ይጠጣዋል፣ ቅጠሉ ያጠራቅመዋል፤ አትብሉት፣ አትሽጡት። ለማንም አልተናገርኩም። ሰፈሩ ሃያ ሁለት ዓመት የበላው ከደብሪቱ እጅ ነው። የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ "መርዝ ስታበላን ኖረች" እንዲሏት አልፈለግሁም። የመጨረሻውን የቆስጣ መደቧንም መንቀል አቃተኝ።

በሕልሜ ወንዙ ዳር ገበያ ቆሟል። ሻጩም ገዢውም አትክልት ነው። እኛ ሰዎች አምስት አምስት ሆነን፣ ወገባችንን በሣር ታስረን መሬት ላይ ተደርድረናል። አንዲት ጥቅል ጎመን ዘንቢል አንጠልጥላ መጣችና ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረገችኝ።

"ይሄ ጠውልጓል።"

"ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ነው፣ እመቤት" አለች ሻጯ ቀይ ሥር።

"ከየት የመጣ ነው?"

"ከወንዝ ዳር።"

"አይ፣ የወንዝ ዳር ሰውስ ልጆቼን አላበላም" ብላ አልፋን ሄደች። ከእኔ ጋር የታሰረው ጎረቤቴ "እኔን እኮ ነክታ እንኳ አላየችኝም" ብሎ ቅር አለው።

ወዲያው ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ወንዙ ካርዱን ይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሐኪሞቹ ተሰልፈው ተራቸው ደርሶ እሱ እስኪያያቸው ይጠብቃሉ።

"ምንህን ነው የሚያምህ?" አልኩት።

"ሆዴን። ያላዘዝኩትን ያጠጡኛል።"

በመስኮት ሳይ አንድ የፋብሪካ ቱቦ የተፋውን መልሶ ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥርም ፊቱን ያጨማድዳል።

ነጭ ጋውን የለበሰች ፍየል ስሜን ጠራች። ክንዴን ላስ አደረገችና ራሷን ነቀነቀች።

"እርሳስ ነው። ትንሽ ካድሚየምም አለበት።"

"ታጥቤያለሁ እኮ። በጨውና በሎሚ።"

ፍየሏ ሳቀች። "ጭቃ ሲታጠብ ይለቃል። ትል ሲቀቀል ይሞታል። ይሄ በምን ይሞታል? ነፍስ የለው።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ቀድሞ አለመጠጣት ነበር። ተረኛ" አለች፤ በር አሳየችኝ።

በሩን ስከፍት የራሳችን ጓሮ ነው። ደብሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በርሜሏ አጠገብ ቆማለች። በሕይወቷም እንዲህ ነበረች። ማታ ማታ የወንዙን ውሃ በርሜሉ ውስጥ ትሞላለች፤ ሲያድር ዝቃጩ ይወርዳል፤ ጠዋት ላይ ላዩን በጣሳ እየቀዳች መደብ በመደብ ታጠጣለች። ሌላው ሁሉ በቦይ ሲለቀው እሷ "የሰው ሆድ የሚገባ ነው" ትል ነበር። አንዳንድ ጠዋት ጣሳው ውስጥ ፊቷን እያየች ሻሿን ስታስተካክል እደርስባታለሁ። ያን ያህል ይጠራ ነበር። ለዓይን ስለጠራ ንጹሕ ነው ብለን አመንን።

"ግባ" አለችኝ በርሜሉን እያሳየችኝ። "እደርበት፣ ትጠራለህ።"

"ደብሬ፣ ይሄኛው ቢያድርም አይዘቅጥም። ውሃው ውስጥ ሟሙቷል።"

"ማን አለ?"

"ወረቀት።"

"ወረቀት ጣሳ ይዞ ያውቃል?"

አንድ እግሬን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር።

"መደቤን ልትነቅለው ነው አሉ።"

"አልነቀልኩትም።"

"ሌላ ሴት ልትተክልበት ይሆናላ" ብላ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች የምትስቀው ሳቅ ነው፤ ከታመመች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ብናገር ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ ወይ ልላት አፌን ስከፍት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።

ነቃሁ። ሽታው ግን አልሄደም።

ጓሮ ስወጣ መደቡ ባዶ ነው። የዕድሩ ሴቶች ቆስጣውን እስከ ሥሩ ቆርጠው ለነገ የጾም ወጥ በትልቁ ድስት ጥደውታል። ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዘርፌ ማማሰያቸውን ሳያቆሙ "ደክሞህ ተኝተሃል ብለን አልቀሰቀስንህም" አሉኝ። "የእጇ ሥራ ተዝካሯ ላይ ይበላላት ብለን ነው። አይዞህ፣ ሦስት ጊዜ አጥበነዋል።"

"እትዬ ዘርፌ፣ ያውርዱት።"

"አልበሰለም እኮ፣ ልጄ።"

ገብቼ ወረቀቱን አመጣሁና እዚያው ቆሜ አነበብኩላቸው። ከሴቶቹ አንዷ ጨው የቀመሰችበትን ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

"እሷ ታውቅ ነበር?" አሉ እትዬ ዘርፌ።

"አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።"

"እና ይኼን ሁሉ ዓመት?"

መልሴን አልጠበቁም። የድስቱን አንድ ጆሮ ያዙ፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ፤ ከአጥሩ ማዶ ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነው።

በማግስቱ ለተዝካሩ የመጣው ሰው ምስርና ሽሮ በላ። ቆስጣ የጠየቀ አልነበረም።