ዴቨንን በባቡር የጎበኘው ክቡር ማኅበር

በሰው ልጅ የጉዞ ታሪክ ውስጥ፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ካለ ቤዝመንት፣ ማለትም ከምድር ቤት፣ ሳይወጡ የእንግሊዝን የባሕር ዳርቻ በባቡር ያዳረሱ ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። እኔ የማውቀው አራት ብቻ ነው፤ አንዱም ራሴ ነኝ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ነገር ግን የማኅበሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝና፣ ሕዝብ የማወቅ መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

ነገሩን የጀመረችው ገነት ናት፤ ያበላሸችውም እሷው። ገነት ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። ከምትንከባከባቸው ሰዎች አንዷ፣ ሚስስ ሃርትሊ የሚባሉ አሮጊት፣ ዴቨን በምትባል የእንግሊዝ ካውንቲ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እዚያ ባቡሩ በቀይ ገደል ሥር ባሕሩን ታክኮ የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ማዕበል ሲነሣ ውኃው መስኮቱን ይመታዋል። አሮጊቷ ይህን አውርተው አይጠግቡም። ሐኪሙ "ብዙም አይቆዩም" ሲል ገነት እጃቸውን ይዛ፣ "ባቡሩ ውስጥ ሆኜ እደውልልዎታለሁ፤ ባሕሩን አሳይዎታለሁ" ብላ ቃል ገባች።

ብልህ ሰው ቢሆን ቲኬቱን ቆርጦ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ገነት ግን አንድ የክርስትና ግብዣ ላይ አፏ አመለጣት።

"ለቫኬሽን ዴቨን ልሄድ ነው።"

"እኛ እያለን ብቻሽን? እንዴት ተደርጎ!" አሉ አቶ ዋለ። ምግቡ ከጠረጴዛ ሳይነሣ ማኅበር ተቋቋመ።

አቶ ዋለ በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን ወደ ኤርፖርት ሰው በሊሞዚን ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ባቡርን በመኪናቸው መስኮት አሻግረው የሚያውቁ የትራንስፖርት ሊቅ ናቸው። ጋሽ አሳምነው በሽበታቸው የበላይ ጠባቂ ተባሉ። ወይዘሮ አይዳ የምግብ ዘርፉን ያዙ። በእንግሊዝ አገር ምግብ ላይ ጥናት አካሂደው ምንም እንደሌለ ስላረጋገጡ፣ አንድ ትልቅ ሻንጣ ዳቦ ቆሎ እንዲዘጋጅ አቅጣጫ አስቀመጡ። ገነት አባል ሆነች።

በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ዴቨን አውራጃ ናት ወይስ ክልል በሚለው ላይ ተወያየን። ጋሽ አሳምነው ክልል ከሆነች የመገንጠል መብት እንዳላት አስታውሰው፣ እኛ እዚያ ሳለን ብትገነጠልስ ቪዛችን ምን ሊሆን እንደሚችል ጠየቁ። ጥያቄው ከባድ ስለነበር ጉዞው ወደሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ገነት በየስብሰባው እጇን እያወጣች "ሚስስ ሃርትሊ እየደከሙ ነው፤ ኧረ በእመቤቴ ቶሎ እንሂድ" ትላለች። አስተያየቷን በከፍተኛ አድናቆት ተቀበልን። ጉዞው እንደገና ተላለፈ።

በመጨረሻ፣ ግንቦት ላይ፣ በተከራየነው አዳራሽ ደማቅ የሽኝት ዝግጅት ተደረገልን። ኬኩ ላይ ባቡር ተሥሎ ነበር። አቶ ዋለ "ከእንግዲህ ዴቨን ብቻዋን አይደለችም!" ሲሉ ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው።

የጉዞው ዕለት መኪና ሞልቶን ሳለ፣ ሊቀመንበሩ ወደ ኤርፖርት የምንሄደው ብሉ ላይን በሚባለው የከተማ ባቡር ነው አሉ።

"ጋሽ ዋለ፣ በናትዎ፣ እኔ ድራይቭ አድርጌ ላድርሳችሁ" አለች ገነት። "ፍላይታችንን ሚስ እናደርጋለን።"

"ልጄ፣ ስሜትሽን እንጋራለን። ግን የባቡር ጉዞ በመኪና አይጀመርም። የመርሕ ጉዳይ ነው።"

መሀል ሚኒያፖሊስ ፌርማታው ላይ ተሰለፍን። ባቡሩ መጣ። በሩ ተከፈተ። ያላደገበት ሰው ዘሎ ይገባ ነበር። እኛ ግን ጨዋ ያሳደገን ሰዎች ነን። ጋሽ አሳምነው አንድ እግራቸውን አንሥተው ወደ ወይዘሮ አይዳ ዞሩ።

"ይቅደሙ እሜቴ።"

"ኧረ በሞቴ! እርስዎ እያሉ? ምን ቆርጦኝ!"

"አፈር ስሆን ይግቡ።"

"እግዜር ያሳይዎ! አልገባም። ይልቅ ሊቀመንበሩ ይቅደሙ።"

"መሪ የሚሳፈረው መጨረሻ ነው" አሉ አቶ ዋለ።

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሄደ።

"ይሄኛው እንደ ልምምድ ይያዝልን" አሉ ሊቀመንበሩ።

ለሁለተኛው ባቡር በዕድሜ ቅደም ተከተል እንድንገባ ተወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ግን በየትኛው ዕድሜ? በወረቀቱ ከሆነ፣ ስደት ላይ ፎርም የሞላልን ሰው ሁላችንንም ጃንዋሪ አንድ ቀን ወልዶናል፤ ዓመቱንም ግማሻችን ጨምረን፣ ግማሻችን ቀንሰን ነው የመጣነው። በእውነቱ ከሆነ ደግሞ፣ ወይዘሮ አይዳ ዕድሜያቸውን ከሚናገሩ እንግሊዝ መሄዱ ቢቀርባቸው ይመርጣሉ። ይህ እየተጣራ ሁለተኛውም ባቡር ሄደ።

"ሰዓቱን እዩት እንጂ!" አለች ገነት። ከኋላ የዳቦ ቆሎውን ሻንጣ ተሸክማ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እኚህ ሴትዮ እኮ አይጠብቁኝም!"

ሦስተኛው ባቡር ሲከፈት፣ እርስ በርስ መለማመኑ ስለደከመን፣ ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

"በይ አንቺ ቅደሚ" አሉ ጋሽ አሳምነው።

"ቅደሚ እንጂ የኔ ልጅ" አሉ ወይዘሮ አይዳ።

"ቅደሚ" አሉ ሊቀመንበሩ። እኔም አልኩ።

ቤተሰብ ያሳደገው ልጅ እዚህ ላይ ምን እንደሚል የታወቀ ነው። "ኧረ በፍጹም!" ይላል፤ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ይለመናል፤ ይምላል፤ እኛም እንምልበታለን፤ ሥርዓቱ በሥርዓቱ ይቀጥላል።

ገነት ሻንጣውን መሬት አስቀመጠችና "እሺ" አለች። ገባች።

እሺ! ልጅቷ እሺ ብላ ገባች! ክው አልን። ወይዘሮ አይዳ አፋቸውን ያዙ። ደርቀን እንደቆምን በሩ ተዘጋ። ገነት ከመስታወቱ ጀርባ "በቀጣዩ ኑ" እያለች በእጇ ስትጠራን ይታየናል፤ ይባስ ብሎ።

ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ እኛ በገነት ሥነ ምግባር ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጠን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትም ውይይታችንን አላቋረጡትም። አውሮፕላኑ ያለ እኛ ተነሣ፤ ስብሰባው ግን በስኬት ተጠናቀቀ።

ችግሩ ሽኝቱ ነው። ኬክ ተቆርጦለት፣ እልል ተብሎለት የሄደ ሰው በማግስቱ ገበያ ላይ እንዴት ይታያል? ስለዚህ ማኅበሩ ወደ አቶ ዋለ ቤዝመንት ገብቶ ጉብኝቱን ከዚያው እንዲያካሂድ ተወሰነ። አቶ ዋለ ትልቅ ቴሌቪዥን አላቸው። አንድ እንግሊዛዊ ከባቡሩ አፍንጫ ላይ ሆኖ የቀረጸውን ቪዲዮ ከፍተን፣ ዳቦ ቆሏችንን እየቆረጠምን ዴቨንን ከዳር እስከ ዳር አዳረስናት። ባቡሩ ዋሻ በገባ ቁጥር ወይዘሮ አይዳ ያማትባሉ። ጋሽ አሳምነው አንድ ቀን አየር አጠረኝ ብለው በጥቁር መነጽር ወደ ብሉሚንግተን ሞል ቢወጡ፣ የሚያውቃቸው ሰው ያዛቸው።

"ጋሼ! እንግሊዝ አይደሉም እንዴ?"

"ትራንዚት ላይ ነኝ" አሉት። ብስለት ማለት ይህ ነው።

ጉዞው ሊጠናቀቅ ሲል ገነት መመለሷን ሰማንና በጓሮ በር አስጠራናት። አጀንዳው ሁለት ነበር፤ ለሪፖርታችን የሚሆኑ ፎቶዎችን መቀበልና እሷን መገሠጽ። ጥቁር በጥቁር ለብሳ መጣች። ጸጸት ነው ብለን ደስ አለን።

"ገነት" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ቪዲዮውን አስቁመው። "ታላላቆችሽን ጥለሽ እንድትቀድሚ ማን ፈቀደልሽ?"

ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን።

"እናንተ ናችኋ። ቅደሚ አላችሁኝ፤ ቀደምኩ።"

"ቅደሚ ማለት እኮ…" ሊቀመንበሩ ላብ አጠመቃቸው። "ቅደሚ ስንልሽ እኮ ቅደሚ ማለታችን አይደለም!"

ወይዘሮ አይዳ አንጀታቸው አልችል ብሎ "አሮጊቷስ? ደወልሽላቸው?" አሉ።

"ደወልኩ። ባቡሩ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ስልኩን መስኮቱ ላይ ደገፍኩት። እዚህ ደግሞ የመኖሪያው ነርስ ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ያዘችላቸው። 'ቀዩ ገደል! ያው ነው፣ ምንም አልሆነም' ብለው ሳቁ። እንደ ልጅ ነው የሳቁት። በማግስቱ አረፉ።"

ወይዘሮ አይዳ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ጋሽ አሳምነው "ነፍስ ይማር" ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። በባቡር ማንም ቢበልጠን፣ በለቅሶ የሚያህለን የለም። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብድግ አሉ።

"ወገኖቼ! ከጉዞው ብንቀር ከቀብሩ አንቀርም። አሁኑኑ የቀብር አስተባባሪ ኮሚቴ ይቋቋም!"

የአራታችንም እጅ በአንድነት ወጣ። እንዲህ ያለ የሐሳብ ስምምነት በማኅበራችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

ገነት ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

"ቀብሩ ትናንት ነበር" አለች።