ለእትዬ ዘውድነሽ የተያዘው ዓመት

አገር ያለ ዕቅድ፣ ቤት ያለ ምሰሶ እንደማይቆም በየስብሰባው በሚነገርበት በ1977 ዓ.ም.፣ በናዝሬት የምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከዘመኑ ላለመቅረት ቆርጣ ተነሣች። ቤተ ክርስቲያን ስል ሕንጻውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ከታሸገ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የቀበሌው ሲሚንቶ ማስቀመጫ ሆኗል። በየሰው ቤት በልደት ስም እየተሰበሰብን የምንጸልየውን አሥራ ስምንት ሰዎች ማለቴ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ መጋቢያችን ጋሽ ሰብስቤ አሥራ አንድ ጊዜ ተወልደዋል።

መጋቢ አርቀው የሚያዩ ሰው ነበሩ። «ቅርቡንማ ማንም ያየዋል» ይላሉ። ስለዚህ የመንግሥትን የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ከዘመዳቸው ተውሰው፣ ከቀይ ሽፋኑ ጀምሮ መልኩን ሳይለቁ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን አዘጋጁ። መቶ አርባ ገጽ ነው። «ጽሕፈቷ ይነበባል» ተብሎ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። በ1986 ምእመናን መቶ በመቶ ወደ መንፈሳዊ ሙላት ይደርሳሉ። ወንጌል በ1981 ለሞጆ ሾፌሮች፣ በ1982 ለዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት አምራቾች፣ በ1984 ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ በ1985 ደግሞ ላንጋኖ ለሚዝናኑ ይሰበካል፤ እስከዚያ መዝናናታቸውን እንደማያቋርጡ ታሳቢ ተደርጓል። ሕሙማንን መጠየቅ በ1980 ይጀመራል። የፊተኞቹ ሦስት ዓመታት የጥናት ናቸው።

ዕቅዱ በጸደቀ በሳምንቱ እትዬ ዘውድነሽ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ባልም ልጅም የሌላቸው፣ ከማንም በፊት ቤታቸውን ለጸሎት የከፈቱልን ሴት ናቸው። ሐኪሙ፣ በየጊዜው የሚያገላብጣቸው ሰው ካላገኙ ከስብራቱ ይልቅ የመኝታ ቁስል እንደሚገድላቸው ነግሮ ወደ ቤት መለሳቸው። ግድግዳ የምትጋራቸው የወሎዋ በድሪያ ብቻዋን ስትታገል ሰነበተችና መጋቢ ዘንድ መጣች።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ እትዬ ከብደውኛል። በቀን ሁለቴ እንኳ አንድ ሰው ላኩልኝ።»

መጋቢ ዕቅዱን ገለጡ። «አልተረሱም። ተይዞላቸዋል።»

«መቼ?»

«ሰማንያ።»

«የዛሬ ሦስት ዓመት?»

«ለአንዱ ብለን ካዛነፍነው ዕቅድነቱ ምኑ ላይ ነው?» ካሉ በኋላ ቅር እንዳትሰኝ አስበው ጨመሩ፦ «አንቺም አለሽበት እኮ። ሰማንያ አራት።»

በድሪያ ነጠላዋን አጣፋች። «እንግዲህ ተራዬ እስኪደርስ እኔው ላገላብጣቸው» ብላ ሄደች።

እኔም አንድ ነገር ልናገር አስቤ ነበር። አጀንዳው ላይ ግን አልነበረም።

ከወር በኋላ ቀበሌው ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው ተባለ። መጋቢ ዕቅዱን ለማቃጠል አንጀታቸው እንቢ አለ። ከጥልቅ ጥናት በኋላ፣ ከአልጋ የማትነሣ ሴት ፍራሽ ማንም እንደማይገለብጥ ደረሱበት። ረፋዱ ላይ ሰነዱን ኮታቸው ሥር ሸሽገው፣ እኔን አስከትለው ሄዱ።

እትዬ ሲያዩዋቸው አለቀሱ። «መጣህልኝ ልጄ። እንደማትቀር አውቄ ነበር።»

መጋቢ «አሜን» ብለው ዕቅዱን ከፍራሹ ሥር ሰደዱት።

ገና ቀና ሳይሉ የቀበሌው ካድሬ አብተው መሣሪያውን አንግቶ ገባ። በድሪያ ፋታ አልሰጠችውም።

«ጓድ አብተው፣ ጥሩ ጊዜ ደረስክ። መሣሪያውን እዚያ አስደግፍና ትከሻቸውን ያዝልኝ። ጋሽ ሰብስቤ፣ እርስዎ በእግር በኩል።»

ሁለቱ ወንዶች ተጋግዘው እትዬን ሲያነሡ ፍራሹ ተንሸራተተና ቀዩ ሽፋን ብቅ አለ። አብተው ጎንበስ ብሎ አነበበ። «የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ።»

የመጋቢ ፊት አመድ መሰለ። የሚገርመው የአብተውም ፊት አላማረም፤ ካድሬ ሁሉ የመንግሥቱን ዕቅድ በዚያ ወር አንብቦ እንዲጨርስ ታዝዞ ነበር።

«አንተማ ሳታነበው አትቀርም» አለች በድሪያ።

«እንዴታ! ሁለቴ።» ሳይገልጠው በፍጥነት ለሁለት አጠፈው። ከዚያ የፍራሹን ስርጉድ አየና እትዬ ወገብ ሥር ወሸቀው። አልጋቸው ውስጥ ሳይቀር ዕቅድ የሚይዙ እናት ቤት መፈተሽ ነውር መስሎት ወጣ። ከማግስቱ ጀምሮም ጠዋትና ማታ አንድ የጥበቃ ጓድ ለማገላበጥ ይልክ ጀመር። የእትዬ ጎን ሳይቆስል ቀረ።

ፍተሻው ሲያልፍ መጋቢ ዕቅዳቸውን ሊወስዱ ተመለሱ።

«አትንካው ልጄ» አሉ እትዬ። «እሱ ከገባ ወዲህ ወገቤ አርፏል።»

መጋቢ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ዓመቱ ሲያልቅ፣ በጥናቱ ዘመን ምን እንደተከናወነ ሪፖርት እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ጽሕፈቴን አሳምሬ እንዲህ አሰፈርኩ፦ «በዕቅዱ አማካይነት አንዲት ምእመን ከፍ ብላለች፤ ሁለት ጣት ያህል።»